ጸሎት፣ ጠበልና የአእምሮ ጤና፦ ጥናቱ ወሎ ላይ ሲታይ

የክርስትና መንፈሳዊነትና የአእምሮ ጤናን ግንኙነት የሚያየው የሳይንስ ዘርፍ አዲስ አይደለም፣ ዊሊያም ጄምስ ሃይማኖትን በሳይኮሎጂ ዓይን አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ በ1902 ነው። በ1967 ሳይኮሎጂስቶቹ ኦልፖርትና ሮስ መጡና እምነቱን ከልቡ የሚኖረውንና ለጥቅሙ ብሎ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ለዩ። ብዙዎቹ ጥናቶች በጥቅሉ የሚሉት እምነቱን በደንብ የያዘ ሰው ድባቴው ቀነስ ይላል ነው፣ ግን አብሮ ታየ ማለት እሱ አመጣው ማለት አይደለም፣ በጣም የታመመ ሰው መጀመሪያውኑ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቅተዋላ።

ለኔ የሚጥመኝ የሳይኮሎጂ ተመራማሪው የኬኔት ፓርጋመንት ስራ ነው። እሱ ትጸልያለህ ወይ ብሎ ብቻ አላለፈም፣ ሲጨንቅህ እግዚአብሔርን እንዴት ታየዋለህ ብሎ ነው የጠየቀው። «ከኔ ጋር ነው» የሚለውና «ትቶኛል፣ እየቀጣኝ ነው» የሚለው ሰው እኩል አይደሉም፣ ሁለተኛው ከድባቴና ከጭንቀት ጋር ተያይዞ ይገኛል። ወሎ ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ይባላሉ፣ እናት «አይዞህ፣ የግሸኗ ታውቃለች» ስትል አጎት ከጓዳ «ምን በድሎ ይሆን» ይላል።

ጠበሉ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ሰው ሱባኤ ይገባል፣ ሌሊት ተነስቶ በባዶ ሆዱ ይጠመቃል ይጠጣል፣ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፣ ሐኪሙ ያዘዘው ክኒን ደግሞ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚለው። ታዲያ የቱን ይተው? ብዙ ሰው ክኒኑን ነው የሚተወው፣ ለማንም ሳይናገር። ግን በጠበልና በመድኃኒት መሀል የግድ መምረጥ የለበትም፣ አቡነ ጳውሎስ በ2007 (በፈረንጅ) የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ ይቻላል ብለው ነበር፣ እንጦጦ ማርያምም የአእምሮ ሐኪሞችና የጠበሉ አገልጋዮች አብረው ሲሰሩ ታይቷል። ክኒኑን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ብቻ ስንቱን ሰው ባዳነው።

ሌላው ማኅበር ነው። በወር አንዴ የጽዋው ተረኛ ቤት ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ አንዱ ቦታ ክፍት ከሆነ «እገሌስ?» ይባላል፣ ሁለት ወር ከቀረ ቤቱ ይኬዳል። ተመራማሪዎች ማኅበራዊ ድጋፍ የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ ከጸሎቱ ለይቶ መለካት ግን ከባድ ነው። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙው ሰው ተፈናቅሎ ማኅበርተኛውም ተበታትኖ ነበር፣ ያኔ ሰው ያጣው ቤቱን ብቻ አልነበረም።

ተመራማሪዎቹ የሚያስሞሉት መጠይቅ ራሱም ወሎን ይቸግረዋል። «ሃይማኖት» የሚለው ሳጥን ላይ አንዱን ምረጥ ይላል፣ መላሹ ክርስቲያን ነው፣ አክስቱ ግን ሙስሊም ናት፣ እሱ ሲታመም ወዳጃ (ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት) ተቀምጣ ዱዓ አስደርጋለታለች፣ ጠበሉንም ተሸክማ ያመጣችው እሷው ናት።