ለረጅም ጊዜ አልኮል መጠጣትን ከሞት በኋላ በአስከሬን ምርመራ መለየት

አንድ ሰው በድንገት ሞቶ አስከሬኑ ለምርመራ ሲቀርብ፣ በደሙ ውስጥ የሚገኘው የአልኮል መጠን የሚመሰክረው ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሰዓታት ስለጠጣው ብቻ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በመጨረሻ ታሞ መጠጡን አቋርጦ ከነበረ ደሙ ውስጥ ምንም ላይገኝ ይችላል። በአንጻሩ መጠጥ ያልቀመሰ ሰው አስከሬን መበስበስ ሲጀምር ባክቴሪያና እርሾ የሰውነትን ስኳር አብላልተው ራሳቸው አልኮል ይፈጥራሉ። የሟቹን የመጠጥ ልማድ ለማወቅ የሚፈልግ ሐኪም ከደም አልኮል ውጭ ሌላ ምስክር መፈለጉም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከእነዚህ ምስክሮች ብዙ ወደኋላ የሚያሳየው ፀጉር ነው። ጉበት ከአልኮሉ ጥቂቱን ወደ ኢቲል ግሉኩሮናይድ ይለውጠዋል፤ ይህም በደምና በላብ አማካይነት በማደግ ላይ ያለ ፀጉር ውስጥ ይገባል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ከሥሩ የተወሰደ 3 ሴንቲ ሜትር የሦስት ወር ገደማ ታሪክ ይዟል። መርማሪው ከአናት በስተኋላ እርሳስ የሚያክል ቁንጥር ፀጉር በክር አስሮ ከራስ ቅሉ ቆዳ አስጠግቶ ይቆርጠዋል፤ የሥሩ ጫፍ የትኛው እንደሆነ ካልተመለከተ ግን የወራቱ ቅደም ተከተል ይጠፋል። በአንድ ሚሊግራም ፀጉር 30 ፒኮግራምና (ፒኮግራም የግራም ትሪሊዮንኛ ነው) ከዚያ በላይ ኢቲል ግሉኩሮናይድ ሲገኝ ሥር የሰደደ ከመጠን ያለፈ መጠጥ እንደነበረ በጽኑ ያመለክታል። የፀጉሩ መጥቆር ወይም መንጣት በውጤቱ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ በኬሚካል የነጣ ፀጉር ግን መጠኑን አሳንሶ፣ የኩላሊት ሕመም ደግሞ አጉልቶ ሊያሳይ ስለሚችል፣ የሟቹን የጤና ታሪክ ሳይጠይቁ ቁጥሩን ብቻ ማንበብ በሟቹም በቤተሰቡም ላይ በደል ነው።

ሁለተኛው ምስክር የዓይን ኳስን የሚሞላው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ብዙ ጠጪዎች ምግብ ትተው ሲያስመልሳቸው ሰነባብተው፣ ሰውነት ስብን ለጉልበት ሲያቃጥል በሚፈጠረው ኪቶን አሲድ ደማቸው ተሞልቶ ይሞታሉ፤ አስከሬኑ ሲከፈትም ከሰባ ጉበት በቀር ሌላ የሞት ምክንያት የማይታይበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ከዓይን ጎን በቀጭን መርፌ በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ቤታ ሃይድሮክሲቢዩቲሬት የተባለው ኪቶን በብዛት ይገኛል። ይኸው ኪቶን በስኳር ሕመምም ስለሚጨምር፣ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ግሉኮስ አብሮ ይለካል፤ ግሉኮሱ እጅግ ከፍ ብሎ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ስኳር ሕመም ያመራል። ፈሳሹ ከተቀዳ በኋላ ቤተሰብ ፊቱን ሲሰናበት ዓይኑ ሰርጉዶ እንዳይታይ በምትኩ ውኃ ይሞላበታል።

በቀይ የደም ሕዋሳት ሽፋን ውስጥ ከአልኮል የሚፈጠረው ፎስፋቲዲል ኢታኖል ያለፉትን ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት መጠጥ ያሳያል፤ ሆኖም በናሙናው ውስጥ አልኮል ካለ ከሞት በኋላም መፈጠሩን ሊቀጥል ይችላል። በሕያዋን ሕክምና የተለመዱት የጉበት ኢንዛይሞች ሕዋሳት ሲፈርሱ ወደ ደም ስለሚፈሱ፣ የቀይ ደም ሕዋስ መጠንም ሕዋሳቱ ከሞት በኋላ ስለሚያብጡ፣ በአስከሬን ላይ እምነት አይጣልባቸውም።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም የፀጉሩን ውጤት በማይክሮስኮፕ ከታየው የጉበት ስብና ጠባሳ፣ ከቆሽትና ከአንጎል ለውጥ፣ እንዲሁም ሟቹን የሚያውቁ ሰዎች ከሚሰጡት ቃል ጋር አስተያይቶ ይወስናል። አስከሬኑ ከበሰበሰና ደምም ሽንትም ከጠፋ ግን ብዙ ጊዜ ለምርመራ የሚተርፈው ያው ፀጉር ነው።