የምሩቃን ዱካ ጥናት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ ቀርበው፣ የቋንቋ፣ የታሪክና የፍልስፍና ተመራቂዎች አብዛኞቹ «ከሙያቸው ውጭ» መሆናቸውን የዱካ ጥናት አረጋግጧልና ትምህርት ክፍሎቹ ቢታጠፉ አገር አይጎድልባትም የሚል መደምደሚያ ሲሰጡ ሰማሁ። ለዓመታት እንዲህ ያለውን መጠይቅ ሳዘጋጅ፣ ስልክ ሳስደውልና ቅጽ ስለቅም የኖርሁ ሰው በመሆኔ፣ ቃሉ ያለ ቦታው ሲውል ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በዚህኛው ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የምሩቃን ዱካ ጥናት፣ በየቢሮው «ትሬሰር ስተዲ» እየተባለ የሚጠራው፣ አንድ ተቋም ያስመረቃቸውን ሰዎች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ፈልጎ የት እንደደረሱ፣ ምን እንደሚሠሩና የተማሩት ምን ያህል እንደጠቀማቸው የሚጠይቅበት ዘዴ ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አላበዛውም። ችግሩ ያለው «ፈልጎ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

ዱካ የሚለው ቃል ራሱ ነገሩን ይገልጠዋል። በሬ የጠፋበት ገበሬ ጠዋት ተነሥቶ ዱካ ይከተላል። በሬው ትናንት በዘነበበት ጭቃ ላይ አልፎ ከሆነ ኮቴው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በድንጋያማው ተረተር ከወጣ ግን የሚታይ ነገር የለም። ድንጋይ ላይ ዱካ አላየሁምና በሬዬ ሞቷል የሚል ገበሬ የለም። የሲቪል ምሕንድስና ወይም የነርስነት ተመራቂ የሚሄደው በጭቃው ነው፤ የሥራ መደቡ የትምህርቱን ስም ይዞ ስለሚጠብቀው ኮቴው በትምህርቱ ልክ ይታተማል። የታሪክ ወይም የሥነ ጽሑፍ ተመራቂ መንገድ በአብዛኛው ድንጋይ ነው፤ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል፣ የሬዲዮ ዜና ክፍል፣ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት፣ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት፣ የማተሚያ ቤት እርማት። በእነዚህ በሮች ላይ «ታሪክ ምሩቅ» ወይም «ፍልስፍና ምሩቅ» የሚል ማስታወቂያ ከስንት አንዴ ቢለጠፍ ነው። እርግጥ ምሳሌው በአንድ በኩል ያነክሳል፤ በሬ የት ሄድህ ተብሎ አይጠየቅም፣ ተመራቂ ግን ይጠየቃል፤ ሲጠየቅም የሚመልሰው ጥያቄው በገባው መጠን ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት አስተያየት ሰጪው የሰነዘሩትን «አብዛኞቹ» ልፈትሽ። በምናብ 120 ሰዎች የተመረቁበትን አንድ የትምህርት ዘመን እንውሰድ። ስልካቸው የተገኘው 70 ናቸው፤ ከእነሱ 42ቱ ሥራ ላይ ነን አሉ። ሪፖርቱ 60 በመቶ ብሎ ይጽፋል። ያልተገኙት 50 ሰዎች ሁሉ ሥራ የላቸውም ብንል ቁጥሩ ወደ 35 በመቶ ይወርዳል፤ ሁሉም ሥራ አላቸው ብንል ወደ 77 በመቶ ግድም ይወጣል። እውነተኛው መልስ በእነዚህ መካከል የሆነ ቦታ ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ ትምህርት ክፍልን ለመዝጋትም ለማስፋፋትም የሚያስችል ስፋት አለው። ያልተገኙት በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ማወቅ ስለማይቻል፣ ጥንቁቅ ሪፖርት ከመቶኛው አጠገብ ስንት ሰው እንዳልተገኘ ይጽፋል። ስልክ የቀየረው ሰው ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም ቀበሌው ውስጥ ካርድ የሚሞላበት አጥቶ ተቀምጧል። ሁለቱም ሲደወልላቸው የሚሰማው «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለው ያው አንድ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። በአማርኛ «ሥራ ይዘሃል?» እና «እየሠራህ ነው?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሥራ መያዝ ማለት ደብዳቤ፣ ቋሚ ደመወዝ፣ ጡረታ፣ ቢቻል ደግሞ የመንግሥት ማኅተም ነው። አንዲት የቴአትር ጥበባት ተመራቂ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የሬዲዮ ማስታወቂያ ማንበቧን፣ ቅዳሜ ቀን በሕፃናት ቴአትር መጫወቷንና ለሁሉም እንደተከፈላት በዝርዝር ከነገረችን በኋላ፣ ደዋያችን «ታዲያ ሥራ ይዘሻል?» ሲላት ሳታመነታ «አይ፣ ገና አልያዝኩም» አለችው። ቅጹ ላይ «ሥራ የሌላት» ተብላ ተሞላች። የዓለም ሥራ ድርጅት የሚከተለው መለኪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተካሄደው 13ኛው የሥራ ስታትስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ካስቀመጠው ጀምሮ፣ በጥናቱ ሳምንት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ቢያንስ 1 ሰዓት የሠራን ሰው ሥራ ላይ እንዳለ ይቆጥራል። በዚያ መለኪያ ይህች ልጅ ሥራ ላይ ነች፤ በእናቷ መለኪያ ሥራ ፈት ነች። እኔ ማናቸውም ተሳስተዋል አልልም፤ አንድ ሰዓት የሠራን ሰው ኑሮው እንደሞላለት አድርጎ ማቅረብም የራሱ ማታለል አለው። የምለው አንዱን ጠይቆ የሌላውን መልስ ማወጅ አይገባም ነው። ጥያቄያችንን ካረምን በኋላ ያለፈውን ሳምንት በየቀኑ እየቆጠርን መጠየቅ ጀመርን፤ ደዋዮቹ ረዘመብን ብለው አጉረመረሙ፣ ልክም ነበሩ።

ጊዜውም ሌላ ጣጣ ነው። የአገራችን የታሪክ ወይም የቋንቋ ተመራቂ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን ቢወስን፣ የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ የሚባለውን ሥልጠና መጨረስና ምደባ መጠበቅ አለበት። በ6ኛው ወር ደውሎ የጠየቀው ጥናት ተማሪ ወይም ሥራ አጥ ሆኖ ያገኘዋል፤ በ2ኛው ዓመት የደወለው ደግሞ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ። በብሪታንያ ተመራቂዎችን ከ6 ወር ገደማ በኋላ ይጠይቅ የነበረው አገር አቀፍ ጥናት ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017/18 ተመራቂዎች ጀምሮ በ15 ወር ገደማ በሚጠይቅ ሌላ ጥናት ተተክቷል። ምሩቃኑ ምንም ባይለወጡ እንኳ የተጠየቁበት ጊዜ ተለውጧል። ሆኖም የሁለቱን ጥናቶች ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ተሻሻለ» ወይም «ተበላሸ» የሚል ሰው አይጠፋም።

«ከሙያ ውጭ» ስለሚባለው ደግሞ፣ ሁለት ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ መሆኑን ልብ ይሏል። አንደኛው የደረጃ አለመጣጣም ነው፤ በዲግሪ የተመረቀ ሰው 10ኛ ክፍል ለጨረሰ በቂ የሆነ ሥራ ሲሠራ ማለት ነው፤ ይህ በእርግጥ ሊያሳስብ ይገባል። ሁለተኛው የመስክ አለመጣጣም ነው፤ በዲግሪ ደረጃ ያለ ሥራ፣ ግን በሌላ ስም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ችካጎ ሄዶ ያጠናው ሕግ ነበር። እዚያ የተማረበት የብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት የዱካ ጥናት ቢያደርግ ኖሮ ከሙያቸው ውጭ ከሚላቸው አንዱ እሱ በሆነ ነበር። ሁሉም ጸጋዬ አይሆንም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ አዎ፣ አይሆንም፤ መለኪያው ግን ሁለቱን መለየት ካልቻለ ጉድለቱ የመለኪያው ነው።

ሳይጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የመጣው 70 በ30 የተባለው የቅበላ ድልድል ለሳይንስና ቴክኖሎጂ 70 እጅ ሲሰጥ፣ በቀሪው 30 ውስጥ ሕግም ምጣኔ ሀብትም ሒሳብ አያያዝም ስለገቡ፣ ለቋንቋ፣ ለታሪክና ለፍልስፍና የተረፈው ጥቂት ነበር። ወደዚያ ጥቂት ቦታ ከገቡትም ብዙዎቹ የመጀመሪያ ምርጫቸው አልነበረም፤ የተመደቡ ናቸው። ስለዚህ የሁለት ትምህርት ክፍሎችን ተመራቂዎች ስናወዳድር የምናወዳድረው ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ማን እንደተመደበም ነው። ይህን ለመለየት ከምርቃት በኋላ የሚሞላ ቅጽ አይበቃም፤ ከመግቢያው ጀምሮ መመዝገብ ይጠይቃል።

ከሁሉም የማልረሳው አንድ የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ምሩቅ ነው። በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ላፕቶፕና አሮጌ ማተሚያ ይዞ ማመልከቻ ይጽፋል። በስልኩ በኩል የአንዲት እናት ድምፅ ይሰማኛል፤ ስለ ድንበር ግፊት ሲናገሩ ከአባታቸው ቀብር ጀምረው ነው። እሱ «እማማ፣ ግንዱ የተተከለው መቼ ነው?» ብሎ መሐል ላይ ያስቆማቸዋል፤ የግማሽ ሰዓቱን ወሬ ወደ አንድ ገጽ ያወርደዋል፤ ምን እንደሚቀር ያውቃል፤ «እንዲወሰንልኝ ስል በትሕትና አመለክታለሁ» የምትለዋን ከየት በኋላ እንደሚያስገባትም ያውቃል። ሥራው ከተማረው ጋር ይገናኝ እንደሆነ ስጠይቀው ግን «ኧረ በጭራሽ አይገናኝም» አለኝ። እኔ ተቃራኒውን ባስብም፣ የምሞላው መልሱን ነውና «አይገናኝም» የሚለውን አከበብሁ። ወደ ገቢና የሥራ ሰዓት ጥያቄዎች ስንደርስ «ጋሼ፣ ባለጉዳይ ተሰልፏል፤ ማታ ይደውሉልኝ» ብሎ ዘጋ። ማታም፣ በማግሥቱም ስደውል መስመሩ ተይዟል። በጥናቱ ደንብ መሠረት ያልተጠናቀቀ ቅጽ ከስሌቱ ስለሚወጣ፣ የእሱም ካልተገኙት ሰዎች ቅጽ ጋር ታስሮ ተቀመጠ።