«39 ነኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ጫማ ቁጥር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እህቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለፋሲካ ለእናታችን ጫማ ልትልክ ፈለገችና ደወለች። «እማዬ ስንት ቁጥር ነው የምታደርገው?» አለችኝ። «39» አልኳት፤ ሁላችንም ቤት ውስጥ የምናውቀው እሱን ነው። ሱቅ ስትገባ «39 እዚህ 8 ተኩል ነው» አሏትና ገዛች። ጫማው በሰው እጅ መጣ። ጥቁር፣ ለስላሳ ቆዳ፣ በጣም ያምራል። እማዬ ለቅዳሴ አድርጋው ሄደች። ስትመለስ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አወለቀችው። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ደም ቋጥሯል። «ስጦታ ነው፣ እየቆየ ይለቃል» አለችኝ።

አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጫማ ቁጥር ብዙ አነበብኩ። ከዘመድ ከጓደኛ ዘወትር የምሰማቸውን፣ እኔም ሳምንባቸው የኖርኩትን ነገሮች ልንገራችሁ።

«39 የትም አገር 39 ነው»

እኛ የምንጠቀመው የአውሮፓን ቁጥር ነው። መነሻው ፈረንሳይ ነው። አንዱ ቁጥር ከቀጣዩ የሚለየው በሁለት ሦስተኛ ሴንቲሜትር፣ ማለትም በ6.67 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሦስት ቁጥር ሁለት ሴንቲ ማለት ነው። 39ን በ2 አባዝታችሁ ለ3 ብታካፍሉት 26 ይመጣል። ግን ይህ 26 ሴንቲ የእግር ርዝመት አይደለም። ጫማ ሰሪዎች ፎርማ የሚሉት አለ፤ ጫማው ላዩ ላይ ተወጥሮ የሚሠራበት የእግር ቅርጽ። 26 ሴንቲ የእሱ ርዝመት ነው። ጣት መንቀሳቀሻ ስለሚያስፈልገው ፎርማው ከእግር አንድ ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ 39 ልኳ የሆነች ሴት እግሯ 24 ወይም 24 ተኩል ሴንቲ አካባቢ ነው።

እንግሊዞች ደግሞ የሚቆጥሩት በገብስ ነው። በድሮው ልኬታቸው ሦስት የገብስ ፍሬ በቁመቱ ሲደረደር አንድ ኢንች ይሆናል። የጫማ ቁጥራቸው ዛሬም የሚጨምረው በአንድ ገብስ፣ በ8.47 ሚሊሜትር ነው። አሜሪካኖችም ይህንኑ የገብስ ስሌት ወስደው መነሻውን ብቻ ትንሽ ቀየሩት። አንዱ በ6.67፣ ሌላው በ8.47 እየጨመረ ሲሄድ ቁጥሮቹ ልክ ለልክ አይገጥሙም። ስትቀይሩ ሁልጊዜ ትንሽ ይተርፋል ወይ ይጎድላል።

«የመቀየሪያ ሰንጠረዥ አለ፣ ምን ችግር አለው?»

ሰንጠረዦቹ ራሳቸው አይስማሙም። ናይኪንና አዲዳስን ውሰዱ። በአሜሪካ ቁጥር የወንድ 9 የሆነ ጫማ ናይኪ ላይ የእንግሊዝ 8፣ የአውሮፓ 42 ተኩል ይባላል። አዲዳስ ላይ ያው 9 የእንግሊዝ 8 ተኩል፣ የአውሮፓ 42 ከሁለት ሦስተኛ ነው። ሁለቱም በሴንቲሜትር ግን 27 ይላሉ።

ስለዚህ ስኒከር ስትገዙ ምላሱን ገልብጣችሁ እዩ። ከቁጥሮቹ መሃል አብዛኛውን ጊዜ በሴንቲሜትር ወይም በሚሊሜትር የተጻፈ ታገኛላችሁ። ጃፓኖች ጫማን በሴንቲሜትር ነው የሚጠሩት፤ ኮሪያዎች በሚሊሜትር። ገበያችንን የሞላው የቻይና ጫማም ብዙ ጊዜ 245 ወይም 250 የሚል ቁጥር አለው። እሱ የፋብሪካ ኮድ አይደለም፤ ጫማው የሚሆነው እግር 24.5 ወይም 25 ሴንቲ ነው ማለት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃም በዚሁ መንገድ የሚለካ ሞንዶፖይንት የሚባል ሥርዓት አለ፤ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የሚሸጠው በሱ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ውጭ አገር ላለ ዘመድ መላክ ያለበት ቁጥር ይህ ብቻ ነው።

ሴንቲሜትሩም ቢሆን መቶ በመቶ ዋስትና አይሆንም። አንዱ ፎርማ ጫፉ ሹል ነው፣ ሌላው ክብ። እግር ላይ አድርጎ መሞከሩን ግን ምንም አይተካውም።

«8 ተኩል 8 ተኩል ነው፣ የወንድም ሆነ የሴት»

በአውሮፓ ቁጥር እውነት ነው፤ 40 ለወንድም ለሴትም ያው 40 ነው። አሜሪካ ግን ለየብቻ ነው። በርዝመት እኩል የሆኑ ጫማዎች የሴቱ ቁጥር ከወንዱ በአንድ ተኩል ገደማ ይበልጣል። የልጆቹ ደግሞ እስከ 13 ይቆጠርና እንደገና ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ «የአሜሪካ 10» ብቻ ብላችሁ ከላካችሁ የወንድ፣ የሴት ወይም የሕፃን ጫማ ሊሆን ይችላል።

«ርዝመቱ ከገጠመ አለቀ»

የእማዬ ችግር ግማሹ ይህ ነበር። እግሯ ከፊት ሰፊ ነው፤ ጫማው ቀጭን። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር መጨመር ነው። ያኔ ስፋቱ ይሻላል፣ ተረከዙ ግን ይወልቃል፤ እግር ወደፊት እየተንሸራተተ ጣት ይመታል። አሜሪካ ውስጥ ስፋት የራሱ ፊደል አለው። ለሴት መደበኛው «ቢ» ነው፣ ለወንድ «ዲ»። «ኢኢ» የተጻፈበት የወንድ ጫማ ሰፊ ነው። እዚህ አገር ስፋት ተጽፎበት የሚሸጥ ጫማ ብዙም አይገኝም። ያለው አማራጭ ጫፉ ክብ የሆነውን መፈለግ፣ ወይም ቆዳ ጫማ በልክ የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄዶ ማሠራት ነው።

«መጀመሪያ ይጠብባል፣ ሲለበስ ይለቃል»

በዚህ አባባል ስንት እግር እንደተጎዳ ሳስብ ያናድደኛል። እውነተኛ ቆዳ በስፋት በኩል ትንሽ ይለቃል፤ ይህ ትክክል ነው። በርዝመት ግን አይለቅም። ፕላስቲኩና ሰው ሠራሹ ደግሞ በስፋቱም ያን ያህል አይለቅም። አውራ ጣት የጫማውን ጫፍ ከነካ ጫማው አጥሯል፤ ሌላ ትርጉም የለውም። አጭርና ጠባብ ጫማ ለዓመታት ሲደረግ ጥፍር ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ቆዳ ይደድራል፣ የአውራ ጣት መጋጠሚያ ወደ ጎን መውጣቱም ይብሳል።

ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። ስኳር የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝ ይችላል። ጫማው ይመልጠዋል፣ እሱ አይሰማውም፤ ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው የሚያውቀው። ያቺ ትንሽ ቁስል እግር እስከ ማስቆረጥ ልታደርስ ትችላለች። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ አዲስ ጫማ ባደረገ ቁጥር ማታ ማታ እግሩን እዩለት።

«ለልጅ ሁለት ቁጥር ጨምሮ መግዛት ነው»

በአዲስ ዓመት ሰሞን የማይሰማበት የጫማ ሱቅ የለም። ለከርሞም እንዲሆነው ነው፤ ኑሮው ውድ ነው፣ ወላጅን አልፈርድም። ግን ሁለት ቁጥር ከ1.3 ሴንቲ በላይ ነው፤ ጫማው አስቀድሞ በያዘው ትርፍ ላይ ማለት ነው። ልጁ ይደናቀፋል፣ ጫማው እንዳይወልቅበት ጣቶቹን አጥፎ ይራመዳል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣታችሁ ስፋት ያህል ቦታ ካለ ይበቃዋል። ልብ በሉ፣ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራው አይደለም፤ የብዙ ሰው ሁለተኛው ይበልጣል።

«የእኔ ቁጥር ከድሮ ጀምሮ ያው ነው»

እግር በጉልምስናም ይለወጣል። ዕድሜ ሲገፋ ጅማቱ ይላላል፣ ውስጥ እግር ዝቅ ይላል፤ እግሩ ይረዝማል፣ ይሰፋል። እርግዝናም እንዲሁ ያደርጋል፤ አንዳንዷ ከወለደች በኋላም አይመለስላትም። እማዬ 39 የሆነችው እኔ ሳልወለድ ነው።

በመጨረሻ እግሯን ለካሁት። ቀን ስንቆም ስንሄድ እግር ስለሚያብጥ ማታ አደረግነው። የደብተር ወረቀት ወለል ላይ አነጠፍኩ፤ እሷ ካልሲዋን አድርጋ ተረከዟን ግድግዳው ላይ አስጠግታ ቆመች። ቁጭ ብላ ቢሆን ልኩ ያጥር ነበር፤ ክብደት ሲያርፍበት እግር ይዘረጋል። እርሳሱን ቀጥ አድርጌ ይዤ ከረጅሙ ጣቷ ጫፍ ላይ ምልክት አደረግኩና በማስመሪያ ለካሁ። ግራው 24.3፣ ቀኙ 24.8። ያ ጥፍሩ የጠቆረው ማለት ነው። ሁለት እግር እኩል የሆነለት ሰው ጥቂት ነው፤ የሚገዛው ለትልቁ ነው።

ለገና እህቴ ስትደውል ቁጥር አልጠየቀችም። «ወረቀቱን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ» አለች። የመጣው ጫማ ፊቱ ክብ ነው፤ ሳጥኑ ላይ 40 ይላል። እማዬ አየችው። «እኔ እኮ 39 ነኝ» አለች። ከዚያ አድርጋው ቆመች። ጣቶቿን ስታንቀሳቅስ ቆዳው ከላይ ይነቃነቃል።