«ማርከር» ብርቱካኑን ዘር አልባ አያደርገውም

ከመራዊና ከቆጋ አካባቢ ፍራፍሬ የሚተክሉ ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፦ «ጄኔቲክ ማርከር ያለበት ችግኝ ማለት ዘሩ በመድኃኒት የጠፋ ነው?» አይደለም።

ማርከር በዛፉ ዲኤንኤ (ከወላጅ በሚወርሰው መመሪያ) ላይ የሚነበብ ምልክት ነው። ዘር የሚያሳጣውን ጂን ተጠግቶ ስለሚገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይወረሳሉ። ስለዚህ እሱ ካለ ጂኑም አለ ተብሎ ይገመታል። መርማሪው የሚወስደው ቅጠል ብቻ ነው። ዛፉ ላይ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም።

ጥቅሙ ጊዜ ነው። ከዘር የበቀለ መንደሪን ፍሬ እስኪሰጥ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። አንድ አዳቃይ 100 ችግኝ አፈላ እንበል። ምልክቱ የተገኘው በ50ው ላይ ከሆነ ሌላውን ገና በለጋነቱ ይጥላል። መሬቱም ውሃውም ተረፈለት። (ለመስኖ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።)

እስካሁን ያልኩት የትም አይለወጥም። የሚለያየው ሌላ ነው። በአንድ ዝርያ የተገኘ ማርከር በሌላው ላይሠራ ይችላል። ዘር አልባነትም መንገዱ ብዙ ነው። ሳትሱማ መንደሪን የአበባ ዱቄቱ ደካማ ነው። የታሂቲ ሎሚ ደግሞ ክሮሞሶሞቹ (ዲኤንኤውን የሚይዙት) እንደተለመደው በሁለት ሳይሆን በሦስት ስብስብ ነው ያሉት። ክሌመንታይን ብቻውን ሲተከል ዘር አይዝም፤ የሚስማማው ሌላ መንደሪን አጠገቡ ካለ ግን ንቦች ዱቄቱን ያመጡለትና ዘር ይቋጥራል።

እናም ችግኝ ስትገዙ ሻጩን ስለ ማርከር ከመጠየቅ ዝርያውን ጠይቁት፤ ጎረቤታችሁ ምን እንደተከለም እዩ።