መለያ ቁልፍ ምንድን ነው? የማናውቀውን የአርክቲክ አበባ በምን እንለየው?

ስቫልባርድ (ከኖርዌይ በስተሰሜን ያሉት ደሴቶች) ወይም ግሪንላንድ ላይ ሰኔ ውስጥ ያነሳችሁት ፎቶ አለ እንበል። ጠጠር መሬት፣ መሬቱ ላይ ልጥፍ ያለ ትንሽዬ አረንጓዴ ተክል፣ ላዩን ሐምራዊ አበባ ሸፍኖታል። ስሙ ማነው? አብዛኞቻችን ቀለሙን ይዘን ፎቶ ማገላበጥ እንጀምራለን። እዚያ ሰሜን ላይ ይሄ ቶሎ ያሳስታል። መለያ ቁልፍ የሚባለው ነገር የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ የዕፅዋት ባለሙያዎች ዳይኮቶመስ ኪ ይሉታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጻፉ፣ ቁጥር ያላቸው መግለጫዎች አሉ። ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ተጣምረው ነው የወጡት ወይስ እየተፈራረቁ? ተጣምረው ከሆነ ወደዚህ ቁጥር፣ ካልሆነ ወደዚያኛው። እያንዳንዱ ምርጫ ግማሹን ዓለም እየጣለ ይሄድና መጨረሻ ላይ አንድ ስም ይቀራል። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዣን ባፕቲስት ላማርክ በ1778 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይን ዕፅዋት ያቀረበው በዚህ ዘዴ ነበር፣ እስካሁንም የሚተካው አልተገኘም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቀለም ለምን አይበቃም? ሁለት ተክሎችን እንይ፦ ሳክሲፍራጋ ኦፖዚቲፎሊያ እና ሲሌኔ አካውሊስ። ሁለቱም ድንክ ናቸው፣ ሁለቱም መሬት ይዘው ይበቅላሉ፣ የሁለቱም አበባ ከሮዝ እስከ ሐምራዊ ነው፣ ሁለቱም 5 ፔታል (ባለቀለሙ የአበባ ቅጠል) እና 10 ወንዴዘር (የአበባ ዱቄት የሚይዙት ክሮች) አላቸው። ቁመትም አያድንም፣ ምክንያቱም ነፋሱና ብርዱ እዚያ ያለውን ተክል ሁሉ ዝቅ ብሎ እንዲያድግ ያስገድደዋል። ቁልፉ ግን ዓይናችሁን ሌላ ቦታ ይወስደዋል። የሳክሲፍራጋው ቅጠል ጥቃቅን፣ ወፈር ያለና በ4 ረድፍ የተደረደረ ነው፤ የሲሌኔው ቀጭንና ሹል ነው። ከአበባው ሥር ያለውን አረንጓዴ ክፍል ደግሞ እዩት፦ ሲሌኔ ላይ ተጋጥሞ ቱቦ ይሠራል፣ ሳክሲፍራጋ ላይ የተለያየና ጠርዙ ላይ ፀጉር ያለው ነው። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ከአበባው መሐል የሚወጡትን የሴቴዘር ክሮች ቁጠሩ። 2 ከሆኑ ሳክሲፍራጋ፣ 3 ከሆኑ ሲሌኔ። አንዴ ይህን ካያችሁ በኋላ ሁለቱ ጭራሽ አይመሳሰሉባችሁም።

ሁሉም እንዲህ አያስቸግርም። ድርያስ ኦክቶፔታላ ነጭ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ 8 ፔታል ስላለው ሁለት ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል። ድራባ የሚባለው ወገን ግን ራስ ምታት ነው። ብዙ ዝርያ አለው፣ አበባቸው ጥቃቅን ነው፣ ነጭ ወይም ቢጫ፣ 4 ፔታል። ዝርያዎቹን ለመለየት ቅጠሉ ላይ ያለው ፀጉር ነጠላ ይሁን እንደ ኮከብ የተከፋፈለ በማጉያ መነጽር ማየት ያስፈልጋል፣ ፍሬው ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ወገኑ ላይ ቆሞ «ድራባ ነው» ማለት ጥሩ መልስ ነው።

ስለዚህ ፎቶ ስታነሱ አበባውን ከላይ ብቻ አታንሱ። ከጎኑ፣ ቅጠሉን ከላይም ከሥርም፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን፣ ፍሬ ካለም ፍሬውን። መሬቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ ጠጠር ጻፉ። ስቫልባርድ ውስጥ ዕፅዋት በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ ቆርጦ መውሰድ የለም፣ ተንበርክኮ ማየት ነው ያለው።

ቁልፉም የዚያው አካባቢ መሆን አለበት። ስቫልባርድ ላይ፣ የድንጋይ ሽበትንና መሰሎቹን ትተን፣ ተወላጅ የሆኑት ዝርያዎች 200 አይሞሉም፤ የመላው አውሮፓን ቁልፍ ይዞ እዚያ መግባት በሺህ በሚቆጠሩ የማይመለከቷችሁ ዕፅዋት መሐል መዳከር ነው። መጨረሻ ላይ የወጣው ስም ከተክሉ ጋር አልገጥም ካለ ደግሞ ስሙን በግድ አትቀበሉት። ያመነታችሁበት ጥያቄ ጋ ተመለሱና ሌላኛውን መንገድ ሞክሩ።