ቡና በግቢያችሁ፦ ከዘር ስታበቅሉ የሚያሳስቱ ወሬዎች

«ጥሬ ቡና ከሱቅ ገዝቼ እተክላለሁ።» አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ተስፋ የሚቆርጠውም እዚሁ ላይ ነው። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ጎተራ ከርሞ አይበቅልም። በጥቂት ወራት ውስጥ አቅሙ እየሞተ ይሄዳል። የሱቁ ቡና ደግሞ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ መጋዘን የሰነበተ ነው። ዘር ከፈለጋችሁ ዛፉ ላይ በደንብ የቀላ እሸት ልቀሙ። ጫን ስትሉት ሁለቱ ፍሬዎች እያሟለጩ ይወጣሉ። ውሃ ውስጥ ጨምሯቸውና የተንሳፈፈውን ጣሉ። የቀረውን አጥባችሁ ጥላ ላይ አጠንፍፉ፤ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት። ከዚያ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ታች ሆኖ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት።

«ወር ሞላው፣ አልበቀለም፣ ሞቷል።» ኧረ ገና ነው! ሞቃት ቦታ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ደጋ ላይ ከዚያም ይቆያል። ይልቅ አፈሩን እየጫሩ ማየት ነው የሚገድለው። መጀመሪያ የሚወጣው ቅጠል አይደለም። ፍሬው ራሱ ቀጭን አገዳ ላይ ሆኖ፣ ቆብ እንደደፋ ሰው ብቅ ይላል። ቆየት ብሎ ቆቡን ጥሎ ሁለት ክብ ቅጠሎች ይዘረጋል። ቸኩላችሁ አታውልቁለት፣ ቅጠሉ አብሮ ይቀደዳል።

«ፀሐይ ሲበዛለት ቶሎ ያድጋል።» ቡና በከፋ ጫካ ከትልልቅ ዛፎች ሥር የኖረ ተክል ነው። ችግኙን ቀጥታ ፀሐይ ካገኘው ቅጠሉ ይቃጠላል።

«አዲስ አበባ አይሆንም፣ ብርድ ነው።» ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ቡና ይበልጥ የሚስማማው ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ሲሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ታልፋለች። ከነፋስና ከውርጭ በተከለለ የግድግዳ ጥግ ግን ይይዛል። እድገቱ ይዘገያል፣ ፍሬውም ያንሳል።

«ብቻውን አያፈራም።» ይሄ የፓፓያ ጣጣ ነው። አረቢካ የሚባለው የአገራችን ቡና ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ አንድ እግር ይበቃል።

«ከእንግዲህ ቡና አልገዛም።» እዚህ ላይ እንኳ አትሞኙ። የመጀመሪያው ፍሬ 3 ወይም 4 ዓመት ያስጠብቃል። 1 ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘትም ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ለእኔ ትርፉ አበባው ነው። ከደረቅ ወራት በኋላ ዝናብ ሲያገኝ ቅርንጫፉ ሙሉ ነጭ ይለብሳል፣ ግቢውም ይታወዳል። ግፋ ቢል ሦስት ቀን ነው የሚቆየው።

ቅጠሉም አይጣልም። ሐረር ላይ አመስ አድርገው ያፈሉትና ኩቲ ብለው ይጠጡታል። ገና ከጉልበት ካላለፈ ችግኝ ግን ቅጠል አትቀንጥሱ።