ተፎካካሪ የሌለው የይግባኝ ዳኛ ለምን ለምርጫ ይቀርባል?

በካሊፎርኒያ የምትኖሩ ወገኖች የድምፅ መስጫው ወረቀት ሲደርሳችሁ «የይግባኝ ዳኛዋ ብቻዋን ቀርባለች፤ ታዲያ ከማን ልንመርጥ ነው?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ነጥቡን ላብራራ። የቀረበላችሁ ውድድር ሳይሆን፣ ዳኛዋ በወንበሯ ትቆይ ወይስ ትነሣ የሚል ጥያቄ ነው። አስቀድሞ የሚሾማት የስቴቱ አገረ ገዥ ሲሆን፣ ሹመቷ የሚጸናው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ፣ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉና አንድ አንጋፋ የይግባኝ ሰብሳቢ ዳኛ የተቀመጡበት ኮሚሽን ሲያጸድቀው ነው፤ ሕዝቡ ቃሉን የሚሰጠው ከዚህ በኋላ፣ በሚቀጥለው የአገረ ገዥ ምርጫ ዕለት ነው።

ሙሉው የሥራ ዘመን 12 ዓመት ነው። ሆኖም ዘመኑን ሳይጨርስ በለቀቀ ዳኛ ወንበር የተተካች ዳኛ የምትመረጠው ለቀሪው ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ 8 ዓመት ከቀረው «አዎ» ያላችሁት ለ8 ዓመት ነው። «አይ» ያለው ድምፅ ከበለጠ ወንበሩ ይለቀቅና አገረ ገዥው ሌላ ይሾማል። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሥልጣን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ሦስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች፣ ዋና ዳኛዋ ሮዝ በርድ ጭምር፣ በዚሁ መንገድ ተነሥተዋል። ቦታውን ባዶ መተው ግን እንደ «አይ» አይቆጠርም።

አሠራሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል፦ በቴክሳስ የይግባኝ ዳኞች በፓርቲ ስም ይወዳደራሉ፣ በጆርጂያ ያለ ፓርቲ ይመረጣሉ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ የሚመርጣቸው የስቴቱ ምክር ቤት ነው።